እርማት፦ «ዘይቱ ካልጎደለ ቱቦው ደህና ነው»

ወንድሜ፣ «የፍሬን ዘይቱ ካልጎደለ ዘይቱን ወደ ቸርኬው ፍሬን የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ ደህና ነው፣ ሳያንጠባጥብ አይበጠስም» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። ግን ልክ አይደለም። ያረጀ ቱቦ ቀስ ብለህ ስትነዳ ጠብ ላይል ይችላል። ድንገት ልጅ ገብቶብህ ባለ በሌለ ኃይልህ ስትረግጥ ግን ግፊቱ በአንዴ ይንራል፣ የሚፈነዳውም ያኔ ነው።

ከውስጥም ያብጣል። የእኔ አሮጌ ኮሮላ የግራ የፊት ቸርኬዋ ከመጋሏ የተነሳ እጅ አያስነካም ነበር፣ ሸራ ሁለቴ ቀየርን (ገንዘቤን!)፣ ለካ ቱቦው ዘይቱን ያስገባል እንጂ መልሶ አይለቅም፣ ፍሬኑም እንደያዘ ይቀራል፤ ዘይቱ ደግሞ እስከ ምልክቱ ሙሉ።

ደግነቱ አብዛኞቹ መኪናዎች ፍሬናቸው ባለ ሁለት መስመር ስለሆነ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ትንሽ ይይዛል። በፈረንጅ 1950ዎቹ የተሠሩት ቮልሶች ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያላቸው፤ አንድ ቱቦ ከሄደ ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ስለዚህ ዘይት ማየቱ አይበቃም። መሪውን ጥግ ድረስ አዙርና ቱቦውን በእጅህ ጎንበስ አድርገው፣ ተሰነጣጥቋል? ሰው ፔዳል ረግጦልህ ያብጣል? ካበጠ መኪናዋን አታንቀሳቅሳት። ስትቀይር ደግሞ የግራና የቀኙን አብረህ ቀይር።