ማስተካከያ፦ ሁለት ፎቶን ገብቶ አንድ ይወጣል እንጂ አንድ ገብቶ ሁለት አይወጣም

ሰሞኑን በስፋት የተጋራ አንድ ጽሑፍ የመዳብ ሰልፋይድ ናኖ ቅንጣቶች አንድ የኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ፣ ጉልበቱ ከቀይ ያነሰ ብርሃን) ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ትንሿን አሃድ፣ ተቀብለው ሁለት የሚታዩ ፎቶኖች እንደሚያወጡ ይናገራል። ስህተት ነው።

በአቻ ግምገማ ያለፉ የምርምር ጽሑፎች የሚሉት ተቃራኒውን ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ደካማ ፎቶኖች ተደምረው ነው ጉልበቱ ከፍ ያለ አንድ ፎቶን የሚወጣው። ሥራውን የሚሠሩትም ከመዳብ ሰልፋይዱ አጠገብ ያሉት የኢተርቢየምና የኤርቢየም አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው የብረት አቶሞች) ናቸው። ኢተርቢየም 980 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይቀበላል፣ ጉልበቱን ለኤርቢየም ያቀብላል፤ ኤርቢየም አረንጓዴና ቀይ ያበራል።

መዳብ ሰልፋይዱስ? በውስጡ ያሉት ነጻ ቻርጆች ከኢንፍራሬዱ ጋር እየተወዛወዙ በቅርባቸው ያለውን የብርሃን መስክ ያጠነክራሉ። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፦ ሂደቱ ሁለት ፎቶን ስለሚፈልግ፣ መስኩ ትንሽ ሲጠነክር የሚወጣው ብርሃን ከዚያ በላይ ይጨምራል። በመዳብ ሰልፋይዱ ፈንታ ትናንሽ ክብ የወርቅ ቅንጣቶች ቢወሰዱ ግን ቻርጆቻቸው በብዛት የሚወዛወዙት በ520 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ለኢንፍራሬድ አይመቹም። ርቀቱም ወሳኝ ነው። የመዳብ ሰልፋይዱ ቅንጣት ከአዮኖቹ ጋር በጣም ከተጠጋ ብርሃኑን ያዳፍነዋል፤ በመካከል ስስ የሲሊካ (መስታወት መሰል ቁስ) ሽፋን የሚደረገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ «የፀሐይ ፓነል ምርት በእጥፍ ያድጋል» ብሎ የደረሰበት ድምዳሜ አያስኬድም። ሁለት ገብቶ አንድ ሲወጣ፣ ከገቡት ፎቶኖች አንጻር ጣሪያው 50 በመቶ ነው።