ለተከበሩ የቤዝ ጊታሬ ኢ ክር

ጉዳዩ፦ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ሲደርሱ ሰው እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

ከቅዳሜው ሠርግ በኋላ ጤናዎን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው።

መቼም ጣት ሳይጫንዎት ባዶዎን ሲመቱ እንደ እርስዎ ያለ ጨዋ የለም። መቃኛው ቲዩነር «ልክ ነው» ብሎ አረንጓዴ ያበራል። እኔም አምኜዎት መድረክ ወጣሁ። ታች ታቹን ስንጫወት ድምፅዎ ማር ነበር። ከዚያ ዘፋኙ ትዝታ ጀመረ። ድራሙ ዝም፣ ኪቦርዱ ዝም። እኔና እሱ ብቻ። ማሳመር አማረኝና ጣቴን ወደ 12ኛው ላኩት። እዚያ የሚጠበቅብዎት የባዶዎን ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ መድገም ነው። ሌላ የጠየቀዎት የለም። እርስዎ ግን ወደ ላይ አልፈውት ሄዱ። የግማሽ ድምፅ ሩብ ቢሆን ነው። ትዝታ ላይ ሩብ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ያውቃሉ። ዘፋኙ ጨፍኖ ነበር፤ ዓይኑን ገለጠ። ኪቦርዲስቱ ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ። ፊት ለፊት የተቀመጡ እናት፣ ሙዚቃው ጸጥ ስላለ በደንብ ተሰሙኝ፣ «ይሄ ልጅ ጠጥቷል እንዴ?» አሉ። ውሃ ነው የያዝኩት፣ እማማ!

አርጅተዋል፣ አውቃለሁ። ተተኪዎ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ወረፋ ይዟል። ከፊቱ የአክስቴ መድኃኒት አለ።



ጥገናው ግን! ሁለት ሳምንት «ነገ ና» ተባልኩ። ከፍዬ ስወስድዎ ከአንገቱ ያለዎት ከፍታ ብቻ ጨምሯል። ክር ከፍ ሲል ስንጫነው ይበልጥ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ሻርፕ ይሆናል፣ ድምፁ ከልኩ በላይ ይወጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ጊታር ይነካል? ጠጋኙን ስጠይቀው «ጆሮህ ነው» አለኝ። ብሎኑን አዙሮ ሳድሉን (የክሩን መደገፊያ) ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ነበር ሥራው። ካቻቢቴ ይከብዳል? ብሬን ወስደህ ጆሮዬን ትሰድባለህ?

ይቅርታ፣ ወደ እርስዎ ልመለስ። ትናንት ማታ ካቻቢቴውን ራሴ ያዝኩ። ሃርሞኒክ (ክሩን ሳይጫኑ ነካ አድርጎ መምታት)፣ መጫን፣ ሳድሉን መሳብ፣ እንደገና መቃኘት። ሌሊቱ ተጋመሰ፣ ብሎኑም አለቀ። ርዝመትዎ ከተለመደው 34 ኢንች እንዲያልፍ ቦታ ለቀቅኩልዎት፤ አሁንም ሻርፕ ነዎት። ግድግዳ ላፍርስልዎት?

እሁድ ሌላ ሠርግ አለብኝ። ያንኑ ድምፅ ዲ ክር 2ኛው ፍሬት ላይ ያለ ጭቅጭቅ አገኘዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዲ ክር