በእርሳስ የተጻፈው

ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ደስ አይልም። ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ላለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ብር ሲያሰባስቡ እንደከረሙ ታውቃላችሁ። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና አጠቡ። ታክሲ ተራው ጋ ቁጭ ብለው እንደ ሊስትሮ ጫማ ጠረጉ። እናቶቻቸው የቆሉትን ቆሎ ሸጡ። መጨረሻ ላይ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፕሮግራም አዘጋጁና በክብር ጠሩን።

ያን ቀን የሆነውን አስታውሱ። ማይኩ ሲዞር እጃችንን አወጣን። አንዱ አምስት ሺህ ሲል ሌላው አሥር ሺህ አለ። ልጆቹ አዳራሹን በጭብጨባ ቀወጡት። ፎቶ ተነሳን፣ ተመራረቅን፣ ወጣን። አንዲት ተማሪ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ስማችንን ትመዘግብ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያንን ደብተር አየሁት። የወላጅ ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ ሒሳቡን እንድናይ ተጠርተን ነው። ልጅቷ ገጹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍላዋለች፦ ስም፣ ቃል የተገባ፣ የተከፈለ። ሦስተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በስሞቹ ጎን በእርሳስ ደቀቅ አድርጋ ጽፋለች። «ስልክ አያነሱም።» «ከደሞዝ በኋላ ብለዋል።» «የሉም ተባልኩ።» አንድ ሰው ጋ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስቱንም ቀን መዝግባለች። ለምን በእርሳስ ጻፍሽው አልኳት። «ሲከፍሉ እንዳጠፋው ነው» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር ያሳፍራል።

ኑሮው እንደከበደ አውቃለሁ። የጤፍና የዘይት ዋጋ እኔም ቤት ይገባል። ሃምሳ ብር ያለው ሃምሳ ብር ቢል ማንም አይንቀውም ነበር። ግን የሌለንን ብር ለጭብጨባ ብለን ጠራን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ብሩ አለን፤ በዚያው ሰሞን ለሠርግ ስንት እንዳወጣን ሰፈሩ ያውቃል። ዕድር ብናሳልፍ ቅጣት አለው፣ ስለዚህ እንከፍላለን። ዕቁብ ሲደርስ ዳኛው በር ላይ ይቆማል፣ ስለዚህ እንከፍላለን። ለታመመ ሕፃን የገባነውን ቃል ግን የሚጠይቀን ልጅ ስለሆነ ናቅነው። «ብሩ የት እንደሚገባ ምን አውቀን» የሚል ሰውም ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ደረሰኝ ይቆርጣል። ጠይቁና ተቀበሉ።

ማዕከሉ ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት ድርጅት ልጆቹን ውጭ አገር እየላከ ነበር የሚያሳክመው። አሁን እዚሁ በነጻ ይታከማሉ። በነጻ ሲባል ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የልጁን ደም ተቀብሎ ኦክስጅን የሚሰጠው ዕቃ አንድ ልጅ ከታከመበት በኋላ ይጣላል። በልብ ውስጥ እንደ በር እየተከፈተና እየተዘጋ ደም የሚያሳልፈው፣ የሚተከለው ቫልቭም ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው። ዕቃው ካለቀ ሐኪሙ እያለ ሥራው ይቆማል። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ደግሞ በሺዎች ይቆጠራሉ።

ሌላም አለ። ያን ቀን አንድ ልጅ ቻርት ሰቅሎ ሲያስረዳ ማይኩ እስኪደርሰን ስልካችንን እየነካካን ነበር። ልጁ የተናገረው ስለ ቤታችን ነበር። በአገራችን ብዙ ልጆች የልብ ሕመም የሚይዛቸው ከቶንሲል ተነስቶ ነው። በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሊከተል ይችላል። ከዚያ ሕመሙ የልብን ቫልቭ ሊጎዳ ይችላል። አንዴ የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት መርፌ ይወጋል። እኛ ግን ልጁ «ጉሮሮዬን» ሲለን «ይተውሃል» እንላለን። ከባሰበት እንጥል አስቆርጠን የታከመ ይመስለናል። እባካችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ነገ አትበሉ። ለልጅቷም ያልናት ይህንኑ «ነገ» ነው።

ቃላችሁን መሙላት ያቃታችሁ ሄዳችሁ የምትችሉትን ንገሯት። ከአሥር ሺህ ወደ አምስት መቶ መውረድ ከመደበቅ ይሻላል። እኔም ግማሹ ቀርቶብኝ ነበር፤ ሰኞ ከፈልኩ፣ ስሜ ጎን የነበረው ጽሑፍ ተሰርዟል።

እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ 11 ሰዓት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ትቀመጣለች። ላጲሱን ከደብተሩ ጋር በክር አስራዋለች።