ክርክር፦ ስታቲስቲክስ ከልጆቹ ኑሮ ይጀመር ወይስ ከመጽሐፉ?

ከኑሯቸው ይጀመር (የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት)

ሰባት ልጆችን ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ጠይቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ 5፣ 8፣ 10፣ 12፣ 15፣ 20፣ 70። ደምረው 140 አገኙ፤ ለ7 አካፍለው አማካዩ 20 ሆነ። ዝም ብዬ ጠበቅኳቸው። አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ስድስታችን ከ20 በላይ አንሄድም፤ የ70 ደቂቃዋም ልጅ በ20 አትደርስም። ታዲያ አማካይ ያልነው የማን ነው?» አለኝ። ሚዲያንን ያስተማርኩት ያኔ ነው። በተርታ ሲሰለፉ መሀል ላይ ያለው 12 ነው፤ የሩቋ ልጅ 100 ደቂቃ ቢፈጅባት እንኳ ንቅንቅ አይልም። ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ ተነስቶ እንዲህ የጠየቀኝ ልጅ የለም፤ እዚያ ያለው ቁጥር የማንም አይደለምና።

ከመጽሐፉ ይጀመር (የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መምህር)

እህቴ፣ ሰባት ልጅ መጠየቅ ቀላል ነው። እኔ ክፍል ከ60 በላይ ናቸው፤ መረጃውን ሰብስበን ሳንጨርስ ይደወላል። ሚኒስትሪም ደጅ ላይ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ያቺ የ70 ደቂቃዋ ልጅ ናት። ቁጥሯ ሲጻፍ ክፍሉ ዞሮ አላያትም? ነገ ደግሞ ቁርስ ስንት ቀን በላችሁ ብለን ብንጠይቅ የልጅ ችግር በጠመኔ ጻፍን ማለት ነው።

መምህርት

እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ዞረው አይተዋታል። አንገቷን ስትደፋ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስም በሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው የምሰበስበው። ግን ይህን ይመልከቱልኝ፦ አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ከተማሪዎቼ አንዳቸውም በዚያ ቆጠራ የሉበትም፤ አልተወለዱም። ዛሬ በየዜናው የሚሰሙት የሕዝብ ብዛት ግምት ነው። የተቆጠረውን ከተገመተው ካልለዩ ማካፈሉ ብቻውን ምን ይረዳቸዋል?

መምህር

በወረቀቱ እስማማለሁ። የቆጠራውንም ነገር ነገ ክፍል ይዤው እገባለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን አልለቅም፤ መጀመሪያ እጃቸው ይፍታታ። ያ ልጅ «የማን ነው?» ያለው 140 ለ7 ያለ ቀሪ ስለተካፈለ ነው። የ20 ደቂቃው ልጅ 21 ብሎ ቢሆን ድምሩ 141 ይሆን ነበር፤ እኔ ክፍል ግማሹ ልጅ የአስርዮሽ ነጥቡ ላይ ይቀራል፣ ጥያቄውም አይመጣም።