እልል በሉ፣ ተቀናጅተዋል!

ወሎ የፍቅር አገር ነው ሲባል የምታሽሟጥጡ ሰዎች፣ አሁንስ አፈራችሁ? እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዛምዶ፣ ለአንድ ሰርግ ሁለት ድንኳን ጥሎ መኖሩ የቆየ ነገር ነው። አዲሱ ጋብቻ የአልሚውና የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪው ነው። ሌላ አገር ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው፤ አንዱ ይበክላል፣ ሌላው ይከሳል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ብልግና የለም። የቦርከናን ተፋሰስ ለመታደግ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። የትኛው እጅ የማን እንደሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ።

ቦርከና ከደሴ ተራሮች ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ጨፋ ረግረግና ወደ ከሚሴ ይወርዳል፤ መጨረሻው አዋሽ ነው። በጋው ሲከፋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ጨፋ ድረስ መንጋውን ነድቶ ይመጣል። ስለ ወንዙ በሚጠራው የምክክር መድረክ ላይ ግን አታዩትም። ከብት ይዞ ሆቴል መግባት ይከብዳላ! ስለ ወንዙ የሚመክረው ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ የታሸገ ውሃ ተደርድሮለታል። ከቦርከና አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ያቀረበ አስተናጋጅ እስካሁን አልተሰማም። ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው።

ፍቅሩ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 አልሚው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያስጠና ይላል። ባለሙያውን የሚቀጥረው አልሚው፣ የሚከፍለውም አልሚው። ከዚህ በላይ መተማመን ከየት ይመጣል? የከፈለህን ሰው «ፕሮጀክትህ ወንዝ ይገድላል» ብሎ መጻፍ እኮ ነውር ነው። ስለዚህ ተፅዕኖው ምንጊዜም «አነስተኛና በቀላሉ የሚቀረፍ» ይሆናል። አንዳንዱ ጥናት ደግሞ በችኮላ ስለሚገለበጥ የሌላ አገር ወንዝ ስም ሳይፋቅ ይቀራል። ምን አለበት? ውሃ ውሃ ነው። አዋጁ ሕዝቡም አስተያየት ይስጥበት ይላል። ሕዝቡ ግን ሥራ ይበዛበታል፤ እንዳይቸገር ተብሎ ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥለታል።

ተመራማሪዎች ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ጋር እንደ ክሮምየም ያለ ከባድ ብረት ወደ ቦርከና ገባሮች እንደሚገባ ለክተው አሳትመዋል። አይፈረድባቸውም፣ ሳይደውሉ ነዋ የሄዱት! የኛ ተቆጣጣሪ ጨዋ ነው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ቀድሞ ሳያሳውቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝም ሳይዝ መግባት ትችላለህ ይለዋል። እሱ ግን የሰው ደጅ በድንገት አይረግጥም። ከሁለት ቀን በፊት ይደውላል። ናሙናውን ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ይቀዳል። ፍሳሹ ደግሞ የሌሊት ተረኛ ነው፤ በተለይ ዝናብ ሲጥል ይተጋል። ሁለቱ እንዴት ብለው ይገናኙ?

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ አንዲት እናት አሠራሩን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። «ልጄ፣ ውሃው ከጠራ እንግዳ ሊመጣ ነው ማለት ነው። ያኔ ብርድ ልብሱን ሁሉ አውጥቼ አጥባለሁ» አሉኝ። በሌላው ቀንስ? «በሌላው ቀንማ ነጭ ልብስ አላወጣም።» አብሽሩ እማማ! ለቁጥጥር ሲባል የሚታጠብ ብርድ ልብስ በየትኛው ሪፖርት ላይ እንደሚገባ ባላውቅም፣ ውጤት ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ፍቅሩ ፎቶ ይነሳል። አልሚውና ተቆጣጣሪው ጦሳ ተራራ ሥር ተገናኝተው አንድ ችግኝ በአራት እጅ ይይዛሉ። ችግኙ አንዳንዴ ከነፕላስቲኩ ይተከላል። ብርድ እንዳይመታው ይሆናል። ከርሞ እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ችግኝ፣ ሌላ ፎቶ።

ገበሬው ብቻ ነው ቅንጅት ያልገባው። በየበጋው ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይከትራል፣ ድንጋይ ሲሸከም ይውላል። በተከለለው ተዳፋት ፍየሉ ከገባችበት በውስጠ ደንቡ ይቀጣል። ከዚያው ተዳፋት ግርጌ ስካቫተር ቆሞ አፈሩን ወደ ጅረቱ ሲንደው የሚቀጣ የለም። ለምን ይኑር? ስካቫተሩ ፈቃድ አለው፣ ፈቃዱም ጥናት አለው። ፍየሏ ምን አላት? የመግባቢያ ሰነድ አልፈረመች፣ ችግኝ ይዛ ፎቶ አልተነሳች። ጭራሽ ችግኙን በላችው!

አንዱ ባለፍየል ቅጣቱን ሲከፍል «ታዲያ እኔስ ከእናንተ ጋር ተቀናጅቼ ብሠራ?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

«ይቻላል» አሉት። «መጀመሪያ አማካሪ ቅጠር።»