ደብዳቤውን አታስቀድሙ

በእኛ ዘንድ ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው መልቀቂያ አያስገባም። ጎረቤት ያማል፣ ዘመድ ያኮርፋል፣ የንስሐ አባቱ ቤቱ መምጣት ያቆማሉ፤ በቃ። ሞርሞን፣ ማለትም የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል፣ ግን መዝገብ ላይ ነው። እያንዳንዱ አባል ባለ 11 አሃዝ ቁጥር አለው፤ ጸሎት ቤት መሄዱን ቢተውም ስሙን እስካላሰረዘ ድረስ አባል ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኒቱ መናኸሪያ በሆነችው በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ከሃይማኖት መውጣት የወረቀት ሥራም አለበት። በተመሳሳይ ፆታ ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር የተለያዩ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ መጨረሻ መምጣት ያለበትን የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስቀድማሉ።

መጀመሪያ ግን ለምን ይወጣሉ? የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ለተመሳሳይ ፆታ የሚሰማ ስሜት ብቻውን ኃጢአት አይደለም፣ ኃጢአቱ ድርጊቱ ነው ትላለች። ታዲያ ስሜቱ ያለበት ሰው ሳያገባ ይኑር ቢባል፣ ለኦርቶዶክስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ምንኩስና አለን፤ ቆብ የደፋ ሰው ይከበራል እንጂ ጎደለ አይባልም። ሞርሞን ጋ ግን መነኩሴ የለም። የሰማይ ከፍተኛው ክብር የሚሰጠው በቤተ መቅደስ ለዘላለም ለተጣመሩ ባልና ሚስት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያወጣችው የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) የቤተሰብ አዋጅም ያጸናው ይህንኑ ጋብቻ ነው። ትእዛዙን ጠብቆ ብቻውን ያረጀ ሰው የሚሰማው ማጽናኛ «በወዲያኛው ዓለም ይስተካከልልሃል» የሚል ነው። ጥርጣሬ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው፤ እምነቱን ቀለል አድርጎ ከያዘው ይልቅ አጥብቆ የያዘውን ሰው የሚያንገላታውም ለዚህ ነው። የሚወጡት ለኃጢአት ፈቃድ ፈልገው ነው የሚሉ ሰዎች ይህን አላጤኑም።

ከዚያ 2015 (እ.ኤ.አ.) መጣ። በኅዳር ወር መጀመሪያ ለኃላፊዎች ብቻ የተጻፈ መመሪያ ሾልኮ ወጣ። ከተመሳሳይ ፆታ ጋር የተጋባ አባል ከሃዲ ይባላል፤ እንዲህ ባለ ቤት የሚያድግ ልጅም እንደ ሌሎቹ የሞርሞን ልጆች በስምንት ዓመቱ አይጠመቅም፤ 18 ዓመት ሞልቶት፣ ከቤቱ ወጥቶ፣ የወላጆቹን አኗኗር መቃወሙን እስኪናገር ይጠብቃል። በዚያው ወር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሶልት ሌክ ሲቲ መሐል ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ተሰብስበው መልቀቂያ ፈረሙ። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሐዋርያት አንዱ የነበሩት ራስል ኔልሰን በጥር 2016 መመሪያው የጌታ ፈቃድ በራእይ የታወቀበት ነው አሉ። ሚያዝያ 4 ቀን 2019 ግን፣ እርሳቸው ራሳቸው የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ፣ ተሻረ። በሦስት ዓመት ከአምስት ወር ውስጥ ራእይ መጥቶ ራእይ ሄደ። መመሪያውን ታግሠው የቆዩ አንዳንዶች የወጡት ሲሻር ነው፤ አይፈረድባቸውም።

አወጣጡ እንዲህ ነው። በእጅ የተፈረመ ደብዳቤ ለአጥቢያው ቢሾፕ ይሰጣል፤ ኢሜይል አይበቃም። ቢሾፕ ሲባል ጳጳስ እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ የሌለው የሰፈር ምእመን ነው፣ በሥራ ቀን የጥርስ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ የሚቀረውም በእርሱ ትከሻ ላይ ስለሚወድቅ ነው፤ ሊያግባባ ይመጣል፣ ቀን ይገፋል። ይህን የማይፈልግ ሰው በኖታሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) የተረጋገጠ ደብዳቤ በቀጥታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይልካል። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና የአባልነት ቁጥሩ ይገባበታል፤ ቁጥሩ ቤተ መቅደስ በሚያስገባው ካርድ ላይ ታትሟል። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ሦስት ገጽ ክርክር የሚጽፉ አሉ፤ መልስ የሚያገኘው ግን «ስሜ ከመዝገብ ይሰረዝ» የሚለው አንድ መስመር ነው። ባልና ሚስት ለየብቻ ይፈርማሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ወላጅ ስለወጣ ብቻ አይሰረዙም፤ ለእነርሱም ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ መፈረም አለበት። ይህን የዘነጋ አባት ከዓመታት በኋላ ልጁን የሚጠይቁ ወጣት አገልጋዮች በሩን ሲያንኳኩ ይደነግጣል።

ከሁሉ የከፋው የቤተ ክርስቲያኒቱ ንብረት የሆነው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ነገር ነው። እዚያ ካቶሊክም ሙስሊምም ይማራል፣ የሚከፍለው ከአባላቱ እጥፍ ቢሆንም። ሞርሞን ሆኖ ገብቶ የወጣ ተማሪ ግን በየዓመቱ የሚታደሰውን የቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ምስክርነት ያጣል፤ ከድጋፉ ጋር ትምህርቱም ይሄዳል። አንድ ሴሚስተር የቀረው ቢሆን እንኳ ዲግሪውን አያገኝም። ግቢውን ለሌላ እምነት ክፍት ካደረጉ በኋላ እምነቱን የለወጠውን ብቻ ማባረር ለእኔ ሚዛን የሌለው ሕግ ነው። እስኪሻር ድረስ ግን ተማሪ ዲግሪውን ሳይዝ ወይም ክሬዲቱን ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሳያዛውር ደብዳቤ አይላክ። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛም እንዲሁ፣ አዲስ ሥራ ሳይዝ አይቸኩል።

ቤተሰብ ጋ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። ስሙን ያስሰረዘ ሰው ጥምቀቱ ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ ጋር ለዘላለም የተጣመረበት ሥርዓትም ይፈርሳል። እናት የምታለቅሰው ልጇ እሑድ ጸሎት ቤት ስለቀረ ብቻ አይደለም፤ በሰማይ ማዕድ ቦታው ባዶ ሆኖ ስለሚታያት ነው። ስለዚህ ዜናውን ከቢሾፑ ወይም ከጎረቤት አፍ ሳይሆን ከልጇ አፍ፣ ከደብዳቤው አስቀድማ መስማት ይገባታል። ሰርግም አለ። ያለ ካርድ ቤተ መቅደስ ስለማይገባ የወጣ ወንድም የእህቱን ጋብቻ ከውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ድሮ በአሜሪካ ቀድመው በማዘጋጃ ቤት ወይም በአዳራሽ የተጋቡ ሙሽሮች ቤተ መቅደስ ለመግባት አንድ ዓመት ይቆዩ ነበር፤ ከግንቦት 2019 ወዲህ ይህ ቀርቷል። ሁሉም የሚታደምበት ጋብቻ ቀድሞ ሊፈጸም፣ ሙሽሮቹም ወዲያው ወደ ቤተ መቅደስ ሊሄዱ ይችላሉ። ጥያቄው ግን የመጥሪያው ካርድ ከመታተሙ በፊት ለሙሽሪት መቅረብ አለበት።