ይህን በዓል ያቀረበላችሁ…

ጅማ የታደለች ከተማ ናት። ቡና እንዴት እንደሚጠጣ የሚያስተምራት አገኘች።

ቡና ተገኘባት ከምትባለው ከጮጬ ጋር ጉርብትና ይዘን፣ ለስንት ዘመን በዘልማድ ስንቆላና ስንወቅጥ ኖረናል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ሦስቴ ስንቀዳ አንድም ቀን «ይህን አቦል ያቀረበላችሁ» ያለን አልነበረም። ዛሬ ተመስገን ነው። በበዓል ዋዜማ ወደ አንዱ ባንክ ጎራ በሉ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ የፕላስቲክ ስለሆነ አይደርቅም፣ ለከርሞም ያገለግላል። ገንዘብ ከፋይዋ ጥለቱ የመሥሪያ ቤቷን ቀለም የያዘ ቀሚስ ለብሳ ስኒ ታዞራለች። ስኒው ላይ አርማ፣ ረከቦቱ ላይ አርማ። ባዶውን የቀረው ፈንዲሻው ብቻ ነው፤ እሱም መላ እስኪገኝለት ነው እንጂ ተረስቶ አይመስለኝም። በረካ ድረስ እንኳን አይኬድም፤ ፎቶው አቦል ላይ ተነስቷላ!

እናቶቻችን ጎረቤት ጠርተው ሲያፈሉ የተጣላ ይታረቅ ነበር፣ ያልተጣላም ይታማ ነበር። የማስታወቂያው ቡና እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ሁሉም ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፣ ስኳር በዛብኝ የሚል የለም፣ የቤት ኪራይም አይነሳም። እንዲህ ያለ ሰፈር ቢገኝ እኔም እገባ ነበር።

የጅማን በርጩማ ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ወጥ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለሦስት እግር። ይህ በርጩማ አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፦ መደገፊያ ስለሌለው አርማ አይለጠፍበትም። የፕላስቲክ ወንበር ግን ጀርባው ሰፊ ነው። ዛሬ የሠርግ ታዳሚ በሙሉ ለአንድ ለስላሳ መጠጥ ጀርባውን ሰጥቶ ይበላል፣ ይጨፍራል፣ ያለ ክፍያ። በርጩማውም ሥራ አልፈታም። ሙሽሮቹ አጠገቡ ፎቶ ይነሱበታል፤ «የባህል ዲኮር» ይባላል።

ሠርግ ከተነሳ ደግሞ የቀለበቱን ነገር ሳላመሰግን ማለፍ ግፍ ነው። ደ ቢርስ የሚባለው የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 «አልማዝ ዘላለማዊ ነው» የሚል መፈክር በአንዲት የማስታወቂያ ጸሐፊ አስጻፈ። ይኸው ትምህርቱ እኛም ዘንድ ደረሰና የጅማ ጎረምሳ ምግብ ቤት መሃል ተንበርክኮ ሣጥን ይከፍታል። አልማዝ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ መንበርከኩ ግን ትክክለኛ ነው። ሽማግሌዎች ከቪዲዮው በኋላ ይላካሉ። ልጅቷ እሺ ማለቷን በስልክ አይተው ስለሚሄዱ እንደ ድሮው «አስበን እንነግራችኋለን» ተብለው በጭቃ መመላለስ ቀርቶላቸዋል።

ገናማ ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ መጠበቅ ቀረ። ቀይ የለበሰው ባለ ነጭ ጢም ሽማግሌ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ የሱቅ በር ላይ ይቆማል። ቀዩ ልብስ ቀድሞም የነበረ ቢሆንም፣ ያንን ጉንጨ ቀይ ደንዳና ሰውዬ ለዓለም ያስለመደው ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ሀዶን ሰንድብሎም በተባለ ሠዓሊ ያሣለው ማስታወቂያ ነው። እግሩ ሥር በረዶ ነው ተብሎ ጥጥ ይበተንለታል። አንዲት እናት ቆም ብለው አዩትና «ምነው ያባክኑታል፣ ቢፈተል እኮ ነጠላ ይወጣዋል» ሲሉ ሰማሁ። ገና አልሠለጠኑም።

ጃፓኖችን እዩ። ከመቶው አንዱ ያህል ብቻ ክርስቲያን በሆነበት አገር፣ ኬኤፍሲ (ኬንታኪ የተጠበሰ ዶሮ) የሚባለው የአሜሪካ ዶሮ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1974 «ገና በኬንታኪ» የሚል ዘመቻ ከፈተ፤ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የገና ዶሮውን ቀድሞ አዝዞ፣ ተሰልፎ ይወስዳል። እኛ ዶሮ 12 ብልት አውጥተን፣ ሽንኩርቱን ግማሽ ቀን አቁላልተን ስንሠራ ኖርን፤ መፈክር ግን አላወጣንለትም። እስከዛሬ በስህተት ስንበላው ኖረናል ማለት ነው።

አንድ ክፉ ዘመን አልፎብናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ የበዓል ዝግጅቱን ሁሉ ይዘው የኖሩት ቢራዎች ነበሩና «እንቁጣጣሽን ማን ያቀርብልን ይሆን?» ብለን ተጨንቀን ነበር። መስከረም ግን አዋጁን ሳያነብ መጣ። ባንኮቹም ደረሱልን። ለረመዳንም የስልክ ጥቅል አለ፤ ከአዛን እኩል መልእክት ይገባልን ጀምሯል።

እንግዲህ የቀረን ለቅሶ ነው። ድንኳኑ አሁንም ሸራ ብቻ ነው፣ ንፍሮው ያለ ስፖንሰር ይቀቀላል። ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ለሦስት ቀን፣ ያለ አንድ ባነር! ይህን ብክነት ለእድራችን ሊቀመንበር አስረድቼ፣ አንዱ ባንክ ድንኳኑን ቢያሠራልን ምን ይለናል አልኳቸው። ጋሼ አልተቆጡም። ከዘራቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ ሟቹ የሌላ ባንክ ደንበኛ ቢሆንስ?» አሉኝ።

ለማርኬቲንግ ክፍሉ በደብዳቤ ልጠይቅ ነው።